ላሟን የከሰስን ጊዜ

በዚያ ዘመን ሰበታ ውስጥ ሚስቱን የሚመታ ባል አልነበረም። በሮቻችን ግን ክፉዎች ነበሩ። አንዷን ግንባሯን፣ ሌላዋን ጉንጯን ይሏታል። ማገዶ ከቁልል ላይ ተንሸራቶ የሚወድቀው ሁልጊዜ በሴት ዓይን ላይ ነው። የወንዙም ድንጋይ የሚጥለው ባለትዳር እየመረጠ ነው፤ ልጃገረድ ጥሎ አላየሁም። በዓል በዋለ ማግስት ደግሞ ይብሳል። ወንዶቹ ከጠላ ቤት ሲመለሱ በሮቹ ይቆጣሉ።

አንዲት ሴት ፊቷ አብጦ ውኃ ስትቀዳ ካገኘናት «ምን ሆንሽ?» እንላለን። «በር መታኝ» ትላለች። «እግዚአብሔር ይማርሽ» እንላታለን። ከዚያ ስለ በርበሬ እናወራለን። ጠያቂዋም ተጠያቂዋም ታውቃለች። የማያውቀው በሩ ብቻ ነው።

ያን ጊዜ የሁለት ልጆች እናት ነበርኩ። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ወደ ጅማ ይወርዳል፣ ቡና ጭኖ ይመለሳል። እጁን አንሥቶብኝ አያውቅም። ስለዚህ እመቤቴን ሳላመሰግን ያደርኩበት ቀን የለም።

ከአጥራችን ማዶ የፋብሪካ ግምጃ ቤት ኃላፊ ይኖር ነበር። ንጹሕ ሰው ነው። ካፖርቱን ይቦርሻል፣ ጾም አይሽርም፣ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ባርኔጣውን ያነሣል። አንድ ቡሬ ላም ነበረችው። ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ ግንባሯን አሽቶላት ይሄዳል፤ ማታ ሲመለስ ከሚስቱ በፊት እርሷን ይጠይቃል። ላሟም የተባረከች ነበረች። ዶሮ ጀርባዋ ላይ ስትሰፍር ዞር አትልም። ልጆቼ ጭራዋን ይዘው ሲጎትቷት ቆማ ታመሰኳለች። ጥጃዋ ሞቶባት እንኳ ያለ ጥጃ ትታለባለች። እንዲህ ያለች ላም ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

ሰውየው ከሱሉልታ አንዲት ልጅ አገባ። አባቷ ሣር አጭዶ የሚሸጥ ገበሬ ነው። ስትመጣ ወሬኛ ነበረች፤ በአጥሩ ቀዳዳ ጨው ስጠይቃት ጨውም ወሬም ትሰጠኛለች። ጥቂት ወራት አለፉ። ያቺ ደግ ላም መራገጥ ጀመረች።

መጀመሪያ ጭኗን ረገጠቻት። ቀጥሎ ትከሻዋን። ላም እንዴት ብላ ትከሻ እንደምትረግጥ አልጠየቅናትም። አንድ ቀን የእጇ አንጓ ተሰበረ። ወጌሻ አሰረላት። ማርገዟን ገና ለእኔ ብቻ ነበር የነገረችው። በአጥሩ ቀዳዳ የታሰረ እጇን አሳየችኝና ሳልጠይቃት፣ «እትዬ፣ ላሟ ናት» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው። ላሟ ነገ ሆዷን ብትረግጣትስ?

ወደ አጥቢያ ዳኛው ሄድኩ። ዳኛችን ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ፤ የሰፈሩን ነገር በደጃፋቸው ተቀምጠው ያያሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም።

«ልጅቷ ከሳለች?» አሉኝ።

«አልከሰሰችም፣ ጌታዬ።»

«ምን ብላለች?»

«ላም ረገጠኝ ብላለች።»

«ታዲያ ላም ከረገጣት እኔ ምን ላድርግ? ላም ልሰር?» ብለው ሣቁ። አብረዋቸው የተቀመጡት ወንዶችም ሣቁ። ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ።

በየወሩ የማርያም ጽዋ እንጠጣ ነበር። ከማኅበርተኞቹ መካከል ሁላችንም «አዴ» የምንላቸው አሮጊት አሉ። የሰበታ ተወላጅ ናቸው። ባላቸው ከሞተ ወዲህ መሬታቸውን ራሳቸው ያሳርሳሉ። አማርኛውንና ኦሮምኛውን ባንድ ትንፋሽ ነው የሚናገሩት። በዚያ ወር ተራው የእኔ ነበርና እቤቴ ተሰብስበን ሳለ የዳኛውን ቃል ነገርኳቸው። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አዴ አልመጠጡም። ጽዋውን አስቀምጠው አፋቸውን ጠረጉ።

«ለምን አትታሰርም?» አሉ።

«አዴ፣ ላም እኮ ናት።»

«ያ ኢንተሎ፣ አንቺ ልጅ፣ ስሚኝ። እኔ ወጊ በሬ ነበረኝ። ጎረቤቴን ወጋው። ሽማግሌ ተቀመጠ። ምን አለኝ? ያሁኑ የበሬው ጥፋት ነው አለኝ። እንግዲህ ግን በሰው ፊት ነግረንሻል፤ ዳግመኛ ከወጋ ጥፋቱ የበሬው አይደለም፣ ያንቺ ነው አለኝ። ይህን የማያውቅ ገበሬ አለ? ዳኛው ራሱ ያውቀዋል። ሰውየው በሰው ፊት ተነግሮታል ወይ?»

«ምን ተብሎ ነው የሚነገረው?»

«ላምህ ሰው ትረግጣለች ተብሎ ነዋ!»

መጀመሪያ የሣቀችው ማን እንደሆነች አላስታውስም። ሁላችንም ነጠላችንን አፋችን ውስጥ ከተትን። ነገሩ ግልጽ ነበር። ልጅቷ «ላሟ ናት» ብላለች። እኛ ደግሞ እናምናታለን። ካመንናት ዝም ልንል አንችልም። ላሟ በድፍረት ሰው እየመታች የምትኖርበት ሰፈር እንዴት ይሆናል?

በዚህ መካከል የንስሐ አባታችን ሊባርኩ ገቡ። እኔ ባለተራዋ ነኝና ተነሥቼ መስቀል ተሳለምኩ።

«አባ፣ ሰው የሚመታ ከብት ጠበል ይረጫል?» አልኳቸው።

«የማን ከብት?»

ነገርኳቸው። አባ ያቺን ላም ያውቋታል። እኔን ትክ ብለው አዩኝ፤ ቀጥሎ አዴን አዩ። አዴ ጣሪያ ጣሪያ ያያሉ።

«ላም ንስሐ አትገባም» አሉ አባ በመጨረሻ። «ጠበሉን ግን እረጫለሁ። ለቤቱም ይተርፋል።»

በማግስቱ ጠዋት ማኅበርተኛው በሙሉ፣ ነጭ ለብሰን፣ ሰውየው ወደ ሥራ ሊወጣ ሲል ደጁ ላይ ቆምን። አባም ጠበላቸውን ይዘው መጡ። ሰውየው ደነገጠ። ባርኔጣውን አነሣ።

«ምን ሆናችሁ? ሰው ሞተ?»

«ኧረ የለም፣ ልጄ» አሉ አዴ። «ላምህ ከፍታብሃለች አሉን። ሚስትህን ትረግጣለች። እውነት ነው?»

ወደ ሚስቱ ዞረ። ልጅቷ በሩ ላይ እጇን ታቅፋ ቆማለች። ፊቱ ላይ እፎይታ አየሁ። «እኔ ምን መጣብኝ ብዬ፣ የላም ነገር ነው ለካ!» የሚል እፎይታ።

«አዎን፣ እባካችሁ» አለ። «ትራገጣለች። እኔም አዝኛለሁ።»

«ሁላችሁም ሰማችሁ?» አሉ አዴ።

«ሰማን» አልን።

«እንግዲህ ልጄ፣ በሰው ፊት ነገርንህ። ጠብቃት።»

«እጠብቃታለሁ» አለ። አባ ላሟን ረጯት። እሱንም ረጩት፤ ከላሟ ይልቅ የበዛው የደረሰው ለእሱ ነው። ካፖርቱን እያራገፈ ሄደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈራችን ያቺን ላም ፈራ። ላሟ ወደ ግጦሽ ስታልፍ ሴቶች ልጆቻቸውን አፍሰው ወደ ጓሮ ይገባሉ። «ዞር በሉ! መጣች!» ይባላል። አንዷ ማኅበርተኛ፣ ወፍራም ሴት ናት፣ ከመንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ወጥታ ላሟ እስክታልፍ ነጠላዋን ሰብስባ ትቆማለች። ላሟ ቆም ብላ ታያታለች። ምስኪን፣ ምን እንዳደረገች አታውቅም።

ማታ ማታ ላሟን የምንጠይቅ ተራ ገባን። ሰውየው ራቱን ሊበላ ሲቀመጥ አንዳችን በሩን ከፈት አድርገን፣ «ላሟ እንዴት ዋለች?» እንላለን። እንቀመጣለን። ልጅቷን እናያታለን። እንሄዳለን። ድምፅ የሰማን እንደሆነ ደግሞ ከአጥሩ ማዶ ሆነን፣ «ኧረ ላሟ ተነሣችባት! ያዙልን!» ብለን እንጮኻለን። ድምፁ ቀጥ ይላል። አንድ ጊዜ ላሟ ራሷ ከእኛ ደጅ ሣር ስትበላ እያየኋት ነው «ያዙልን» ብዬ የጮኽኩት።

ወንዶቹ ነገሩን ያወቁት ከእኛ በኋላ ነው። ጠላ ቤት ባለቤቴን ያዙት።

«ሚስትህን አስታግስልን እንጂ» አሉት።

«በምን?» አላቸው። «እኔ ላም የለኝም። በሬም ደግ ነው።»

እቤት መጥቶ ሲነግረኝ እየሣቀ ነበር። ቡሃቃውን ትቼ ተነሣሁና ጉልበቱን ሳምኩት። ደነገጠ፤ «አንቺ ሴት፣ ምን ነካሽ?» አለኝ።

ልጅቷ ግን አልሣቀችም። አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ አጥሩ መጣች። ሆዷ መታየት ጀምሯል።

«እትዬ፣ ተዉት» አለችኝ። «ላሟን ሊሸጣት ነው። በሥራ ቦታ እየቀለዱበት ነው።»

«ይሽጣት።»

«ከሸጣት፣» አለችና ድምፅዋ ቀነሰ፣ «ከሸጣት ቀጥሎ ምን እላለሁ?»

በአጥሩ ቀዳዳ እጄን አሾልኬ እጇን ያዝኳት። የዳነው አንጓዋ ጠማማ ሆኖ ቀርቷል። ያን ቀን ነው ነገሩ ቀልድ ብቻ እንዳይሆን የፈራሁት። ማታ ስዕለት ተሳልኩ። ለአዴም የልጅቷን ቃል ነገርኳቸው።

«ቀጥሎ እውነቱን ትላለቻ» አሉ። «እኛ ደግሞ እስክትል ከላሟ አንነቃነቅም።»

ሰውየው ላሟን አልሸጣትም። አልቻለም፤ ይወዳታል። ቀልዱ ግን በዛበት። ግምጃ ቤቱ ውስጥ «ላሟ ዛሬ ምን አለችህ?» ይሉታል አሉ። አንድ ቀን ከእኛ ማንም ሳይደርስ፣ ገና ከሥራ ሲገባ፣ ልጅቷን ከንፈሯን አፈረጣት።

ጠዋት ምንጭ ላይ አገኘናት። አምስት ስድስት ሴቶች ነበርን። እንስራዋን አወረደች።

«ምን ሆንሽ?» አልኳት።

ሁላችንንም በተራ አየችን። ሌላ ጊዜ እንዲህ ስትጠየቅ መሬት መሬት ነበር የምታየው። ዛሬ ዓይኗን አልሰበረችም።

«ላሟ ናት» አለች። «ተነግሮትም ነበር።»

ውኃችንን እዚያው ትተን ወደ ዳኛው ደጅ ሄድን። አዴ ከፊት፣ ልጅቷ ከመካከል።

«እናንተ ሴቶች፣ ዛሬ ደግሞ ምን አመጣችሁ?» አሉ ዳኛው።

«ክስ አመጣን፣ ኦቦ ዳኛ» አሉ አዴ።

«በማን ላይ?»

«በላሟ ላይ።»

ዳኛው ሊሥቁ ጀመሩ። ልጅቷ ነጠላዋን ከአፏ ላይ ዝቅ አደረገች። ሣቃቸው ቆመ።

«ባለቤቷ ተነግሮት ነበር?» አሉ፣ አሁን እንደ ዳኛ ሆነው።

«በሰው ፊት ተነግሮታል። አባም ነበሩ።»

«ምን አለ?»

«ትራገጣለች፣ እጠብቃታለሁ አለ።»

ዳኛው ጢማቸውን ይዘው ቆዩ። ገበሬ ናቸው አላልኩም? ሥርዓቱን ከእኛ የበለጠ ያውቁታል። ወዴት እንደሚሄድም አሁን ገባቸው።

«ላሟ ትቅረብ» አሉ።

ላሟ ቀረበች። ባለቤቷ ካፖርቱን እንደለበሰ እየጎተተ አመጣት። ሰፈሩ ሁሉ ተከትሏል፤ ከወፍጮ ቤት ሳይቀር ዱቄት እንደለበሱ የመጡ ነበሩ። ባለቤቴም ያን ቀን መኪናው ተበላሽቶ ነበርና ቆሞ አየ።

«ይህች ላም ትራገጣለች?» አሉ ዳኛው።

ሰውየው ሕዝቡን አየ። አንዴ የተናገረውን ማጠፍ አሳፈረው።

«ትራገጣለች» አለ።

አዴ ብድግ አሉ። «ይፍቀዱልኝ፣ ኦቦ ዳኛ» አሉና ላሟ ሆድ ሥር ቁጢጥ አሉ። የኋላ እግሯን ይዘው ነቀነቁ። ጡቷን ሳቡ። ተነሥተው ጭራዋን እንደ ደወል ገመድ ጎተቱት። ላሟ ዞራ አሸተተቻቸው። ቀጥሎ የነጠላቸውን ጥለት አፏ ውስጥ ከታ ማኘክ ጀመረች። ሕዝቡ በሣቅ ፈረሰ።

«ዛሬ ደኅና ውላለች» አለ ሰውየው።

«ሰው ሲበዛ ታፍራለች» አሉ አዴ፣ ነጠላቸውን ከአፏ እያስለቀቁ።

«ዝም በሉ!» አሉ ዳኛው። «እኔ ላሟን ከባለቤቷ በላይ አላውቃትም። ትራገጣለች ካለ ትራገጣለች። ነፍሰ ጡር የምትረግጥ ላም በሰፈር አትኖርም። ትታረድ። ሥጋው ለነዳያን ይሰጥ። ማነህ፣ ቢላ አምጣ።»

ቢላ መጣ። እውነት ያርዷት ነበር ወይ? እኔ እስከ ዛሬ አላውቅም። ቢላውን የተቀበለው ሰው ግን ቀልድ የሚያውቅ አልነበረም፤ እጅጌውን ሰበሰበ፣ የላሟን ቀንድ ያዘ። ላሟ ግንባሯን የሚያሽላት መስሏት ዝቅ አለችለት።

«በንጉሥ አምላክ!» ብሎ ጮኸ ሰውየው። ባርኔጣው ወደቀ። «በንጉሥ አምላክ አትንኩብኝ! ላሟ እግሯን አንሥታ አታውቅም! በሕይወቷ ማንንም ረግጣ አታውቅም!»

በንጉሥ አምላክ ከተባለ ሁሉም ይቆማል። ቢላውም ቆመ።

«ታዲያ ማን ነው ያነሣው?» አሉ ዳኛው፣ ቀስ ብለው።

ሰውየው ጎንበስ ብሎ ባርኔጣውን አነሣ። አፈሩን ጠረገ። ደግሞ ጠረገ።

ዳኛው ወደ ልጅቷ ዞሩ። «አንቺስ፣ ልጄ? ማን ነው?»

እዚህ ላይ እኛ ልንረዳት አንችልም። ላሟን እኛ ልንከስ እንችላለን፤ ይህን ግን ከእሷ አፍ በቀር የሚናገረው የለም። ደግማ «ላሟ ናት» ካለች ሁሉም አለቀ፤ ይዟት ወደ ቤት ይገባል፣ እኛም ወደ ውኃችን እንመለሳለን። «እመቤቴ፣ አፏን ክፈቺላት» አልኩ በልቤ። ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም።

«እሱ ነው» አለች።

«ምን አልሽ? ይሰማ።»

«እሱ ነው። ከንፈሬን እሱ ነው። አንጓዬንም እሱ ነው። ትከሻዬንም። ላሟ ምንም አላደረገችኝም።»

አላለቀሰችም። ያለቀስነው እኛ ነን። አዴ እንኳ ዓይናቸውን በታኘከው ጥለት ጠረጉ።

ከዚያ ከሕዝቡ ኋላ አንድ የሴት ድምፅ መጣ። ማን እንደሆነች ዞሬ ሳያት ያቺ ድንጋይ ላይ የምትወጣው ማኅበርተኛችን ናት።

«ጌታዬ ዳኛ» አለች፣ «የኔንም በር ያስጠሩልኝ።»

«የኔንም ማገዶ!» አለች ሌላዋ።

«እኔ ደግሞ ድንጋይ ነው! የወንዝ ድንጋይ!»

ዳኛው ግንባራቸውን ጠረጉ። «ዛሬ የማየው ከብት ብቻ ነው!» አሉ። «በርና ማገዶ በሌላ ቀን!»

ከኋላ ቆመው ሲሥቁ ከነበሩት ወንዶች አንዳንዶቹ የረሱት ሥራ ትዝ አላቸውና ወደየቤታቸው ሄዱ። በሮቻቸውን ሊመክሩ ይሆናል።

ፍርዱ እንዲህ ሆነ። ልጅቷ ለመጀመሪያ ወሊዷ እንደ ደንቡ ወደ አባቷ ቤት ትሄዳለች። ላሟ ካሳዋ ናት፤ አብራት ትሄዳለች። ባልየው ደግሞ ዳግመኛ እጁን እንደማያነሣ ዋስ ይጥራ፤ ዋስ ሳያገኝ ሱሉልታ እንዳይረግጥ። ዋስ ቢፈልግ አጣ። ለገንዘብ ዋስ የሚሆነው ብዙ ነው፤ ሥራው የታወቀ ሰው ነው። ለእጁ ግን የሚዋስለት ጠፋ። ጠላ ቤት ሲገባ ጓደኞቹ ጽዋቸውን ያያሉ።

ልጅቷንና ላሟን ባለቤቴ በመኪናው አደረሳቸው። ላሟ መኪና ላይ ስትወጣ ሰውየው አጥሩ ላይ ቆሞ ነበር። ያለቀሰው ለማን እንደሆነ እግዚአብሔር ያውቃል።

የበሮቹ ነገር እንደ ላሟ አልቀለለም። በር አይቀርብም፤ አይታረድም። የአንዳንዷ በር እስከ መጨረሻው ክፉ ሆኖ ቀርቷል፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ግን ምንጭ ላይ «በር መታኝ» የምትል ሴት ስትመጣ ስለ በርበሬ ማውራት ቀረ። «የት ነው በሩ? እናየዋለን» እንላለን። እንሄዳለንም። ወሬው ከሰበታ ወጣ። በገበያ ቀን ከቡራዩ የመጡ ሴቶች ቅቤ የሚሸጡ መስለው ቤቴን ጠየቁ፤ አዴም እቤቴ ነበሩ።

«ላም የከሰሳችሁት እናንተ ናችሁ?» አሉን።

«እኛ ነን።»

«በእኛ ሰፈር ላም የለም። ደረጃ ነው ይላሉ።»

«ቤታችሁ ደረጃ አለው?» አሉ አዴ።

ሴቶቹ ተያዩ። «አንድም ቤት ደረጃ የለውም» አለች አንዷ።

«እንግዲያ ሄዳችሁ ደረጃውን አሳዩን በሉ። በሰው ፊት።»

ምን እንዳደረጉ ብዙ ሰማሁ፤ ያላየሁትን አልጽፍም።

ልጅቷ ሴት ልጅ ወለደች። ክርስትና እንዳነሣ ወደ እኔ ላከችብኝ። በዚያው ሰሞን ሰውየው ደጃችን መጣ። ካፖርቱ አልተቦረሸም።

«እትዬ» አለኝ። እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። «አባቷ ሽማግሌ አልቀበልም ብሏል። ላሟን የከሰሱት ሴቶች ይዘውት ከመጡ አየዋለሁ አለ። ዳኛውም ከእናንተ ጋር ከሆነ ሂድ ብለውኛል።»

ለአዴ ነገርኳቸው። «በሽማግሌነት ተቀምጬ አላውቅም» አሉና አዲሱን ነጠላቸውን አወጡ።

በባለቤቴ መኪና ሄድን፤ እኔና አዴ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ከባዶ ጆንያ ጋር። አዲስ አበባን አቋርጠን እንጦጦን ወጣን፤ ሱሉልታ ሜዳው ሁሉ የታጨደ ሣር ነበር። የአባቷ ደጅ ስንደርስ ሰውየው ድንጋይ ትከሻው ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። ይቅርታ ጠየቀ። አስመሰለ አልልም።

አባቷ ጥቂት የሚናገር ሰው ነው። ወደድኩት።

«ዋስህ ማን ነው?» አለው።

ሰውየው ወደ እኛ አየ።

«እኛ?» አሉ አዴ። «ኦቦ፣ የላሟን ዋስ ጠይቀን። አሁኑኑ እንዋሳለን፤ ጠባይዋን በዳኛ ፊት አይተናል። የዚህን ሰው ጠባይ ግን ገና አላየንም። ክፉ ይሁን ደግ ይሁን በእኛ አፍ አይነገርም። ልጅቷን ጠይቃት።»

አባትየው ልጁን ጠየቃት። ሕፃኗን ታቅፋ ምሰሶው ጋ ቆማለች። ወፍራለች። ፊቷ ላይ ምንም ምልክት የለም።

«ይቅር ብዬዋለሁ» አለች። «ድንጋዩን ያውርድ። ልጁን ማየት ይችላል። ቤቱ ግን አልመለስም።»

«አንድ ዕድል እንኳ…» አለ ሰውየው።

«አልመለስም አልኩህ።»

አባቷ ራሱን ነቀነቀና ድንጋዩን ከትከሻው አወረደለት። ራት አቀረቡልን። እሱም በላ።

በማግስቱ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ሕፃኗን ተቀብዬ ቄሱ ፊት ቆምኩ። ጠዋት ነው፣ ሱሉልታ ነው፣ ውኃው እንደ በረዶ ነው። ስትጠመቅ ጮኸች። ያን የሚያህል ጩኸት ከዚያች ትንሽ ደረት እንዴት እንደወጣ እኔ እንጃ። ቄሱ እንኳ ፈገግ አሉ። የሕፃኗ አባት ከወንዶቹ በኩል ቆሞ አፈረና ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ፣ «እሽሽ፣ እሽሽ» አለ።

እናቷ ዞር ብላ አየችው።

«ተዋት» አለችው። «ትጩኽ።»